ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ወደ ድረ ገጽ ሲቀየር አማርኛው ለምን ይበላሻል?

ከዚራ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሐረር ጀጎልን ለሚጎበኙ የተሠራ ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር አለ። መጠኑ ኤ4፣ ፊትና ጀርባ፤ ለማተሚያ ቤት የተላከው ፒዲኤፍ 38 ሜጋባይት ነው። ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን ውስጠኛው ገጽ ላይ የአምስቱን በሮች የሐረሪና የአማርኛ ስም የያዘ ሰንጠረዥ አለው። አሁን ይኸው ብሮሸር በስልክ የሚነበብ ድረ ገጽ እንዲሆን ተፈልጓል። ፒዲኤፉን እንዳለ ብንጭነው ጎብኚው ከድሬ ተነስቶ ሐረር እስኪገባ አይወርድለትም።

ችግሩ እንዲህ ነው። አማርኛውን ኮፒ ሳደርግ የሚወጣው የላቲን ፊደል ከቃለ አጋኖና ከማባዣ ምልክት ጋር የተደበላለቀ ነገር ነው። ኦሮምኛውና እንግሊዝኛው ግን ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። የሽፋኑ ርዕስ ጭራሽ አይመረጥም። ኢንተርኔት ላይ ባለ መቀየሪያ ወደ ኤችቲኤምኤል ስቀይረው ቁርጥ ብሮሸሩን ይመስላል፤ ስልክ ላይ ግን ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል፣ ፍለጋ ላይ «ጀጎል» ብዬ ብጽፍም ምንም አያገኝም። ሰንጠረዡም ተዘበራርቋል።

የጽሑፉ ወርድ ፋይል በእጄ አለ፤ ነገር ግን የመጨረሻው እርማት የገባው ዲዛይኑ ላይ ስለሆነ ከፒዲኤፉ ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛ ጥያቄ፦ ድረ ገጹ ላይ የሚታረመው ጽሑፍ ለሚቀጥለው ኅትመት መልሶ እንዲያገለግል ምን ቢደረግ ይሻላል?

ፊደል_ለቃሚ፦

አቦ፣ መቀየሪያ መፈለጉን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ፒዲኤፉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እይ። ፒዲኤፍ የሚያስቀምጠው «ከዚህ ፎንት 98ኛውን ቅርጽ እዚህ ነጥብ ላይ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ያ ቅርጽ «በ» መሆኑ የሚታወቀው ፋይሉ ውስጥ ቅርጹን ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ከተሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ካለና ሰንጠረዡም እውነቱን ከተናገረ ብቻ ነው። ለማተም ይህ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። ለዚህ ነው ወረቀቱ አምሮ ወጥቶ ኮፒው የሚበላሸው።

አክሮባት ሪደር ላይ ኮንትሮልና ዲን አንድ ላይ ተጫንና የፎንቶቹን ዝርዝር ክፈት። ከስሙ ፊት ስድስት ትልልቅ ፊደልና የመደመር ምልክት ብታይ አትደንግጥ፤ የፎንቱ የተወሰነ ክፍል ብቻ ተቆርጦ ገብቷል ማለት ነው። የምትፈልገው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ስም ነው። ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ወይም «ዩኒኮድ» የሚል ቃል ያለበት የፓወር ግዕዝ ፎንት ከሆነ ደህና ነህ። «ግዕዝ-1» ወይም «ቪጂ2» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን አሮጌው የባለ 8 ቢት አሠራር ነው። ከገለጽከው ምልክት ተነስቼ ይህኛው ነው እላለሁ። ከፖፕለር (ነጻ የፒዲኤፍ መሣሪያዎች ስብስብ) ጋር የሚመጣው ፒዲኤፍፎንትስ የሚባለው ትእዛዝም ዝርዝሩን ያወጣልሃል፤ መጨረሻው አካባቢ «ዩኒ» የሚል ዓምድ አለው። እዚያ «የስ» ማለቱን ብቻ አይተህ አትመን፤ አሮጌ ፎንት ሰንጠረዡ ኖሮትም ወደ ላቲን ፊደል ሊመራ ይችላል። ያንተው ፋይል የሚያደርገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለ 8 ቢት ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ላይ የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ የተያዙ ናቸው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ ሁለት ዘዴ ተጠቀሙ፦ ወይ ፎንቱን በሁለት ፋይል ከፈሉት፣ ወይ አንዱን ፊደል ከሁለት ቅርጽ ገጣጠሙት። «ኢ» የ«አ» ቅርጽና የእግሩ ምልክት ለየብቻ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ ኮፒ ስታደርግ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቃለ አጋኖ ሆነው ይወጣሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተጀመረ አሠራር እስካሁን ማተሚያ ቤቱን አልለቀቀም፤ የድሮ ፋይል ሲገለበጥ፣ ሲገለበጥ ይኸው እስከዛሬ።

አሁን ሥራው። የማይመረጠው ርዕስ ወደ ኩርቭ ተቀይሮ ነው (ኮረል ድሮ ላይ ኮንትሮልና ኪው)። ፊደል መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ሆኗል። ለሦስት ቃል ብለህ ኦሲአር (ከሥዕል ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም) አትጥራ፣ በእጅህ ጻፈው።

የቀረውን አማርኛ በመለወጫ ሰንጠረዥ ነው የምታወጣው፦ በግራ የአሮጌው ኮድ፣ በቀኝ የዩኒኮድ ፊደል። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሁለት ኮድ ሆነው አንድ ፊደል የሚሠሩት መጀመሪያ ይለወጡ፤ ነጠላዎቹ ከቀደሙ «ኢ» የሚሆነው «አ» እና ብቻውን የቆመ ቃለ አጋኖ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛና ዋናው፣ ለውጡ በፎንት ስም የተገደበ ይሁን። ያንተ ብሮሸር ኦሮምኛ አለበት፣ ቁቤ ደግሞ ላቲን ነው። ሙሉውን ጽሑፍ ሰንጠረዡ ውስጥ ብትጨምረው አማርኛው ሲድን ኦሮምኛው ትርጉም የለሽ የግዕዝ ፊደል ይሆናል። ድሬና ሐረር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ አንድ ቋንቋ ብቻ ባለበት ሰነድ አይታይም።

ከፒዲኤፉ ፎንቱን ለይቶ ለማውጣት የፖፕለር ፒዲኤፍቱኤችቲኤምኤል በኤክስኤምኤል አማራጭ ይሠራል፤ እያንዳንዱን መስመር ከፎንቱ መለያ ጋር ይሰጥሃል። የአሮጌው ፎንት መለያ ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ለሰንጠረዡ ስጥ። ከዚያ የወርዱንም በተመሳሳይ መንገድ ለውጥና ሁለቱን በወርድ የማወዳደሪያ መሣሪያ አስተያይ። ልዩነት ሆኖ የሚቀረው በዲዛይኑ ላይ የገባው እርማት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ አማርኛው ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው ብሎ እንግሊዝኛው 2006 ቢል ስሕተት አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «አንድ ላድርጋቸው» እንዳትል።

ደቻቱ_ማዶ፦

የፊደሉ ነገር ተብሏል፤ እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ ልጨምር።

ባለ ሦስት እጥፍ ኤ4 ስትዘረጋው የውጭው ገጽ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ክንፍ፣ የጀርባው፣ ሽፋኑ ነው። ማንኛውም መቀየሪያ ከግራ ስለሚጀምር ድረ ገጽህ በክንፉ ይጀምርና ስልክና አድራሻው መሃል ገብቶ ሽፋኑ ሦስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ስድስቱን ክፍል ለየብቻ አውጣና በእጅህ ደርድር፦ ሽፋን፣ ክንፍ፣ የውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መጨረሻ ጀርባ። ከመቁረጫው ምልክት ውጭ ያለው የፋይል ስምና ቀንም ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል፤ ጣለው።

ሰንጠረዡን ደግሞ አትመነው። ፒዲኤፍ ውስጥ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር የለም፤ የተበተነ ጽሑፍና መስመር ብቻ ነው፣ ዲዛይነሩ ሆን ብሎ ምልክት ካላደረገበት በቀር። የሐረሪው ዓምድ መጀመሪያ፣ የአማርኛው ቀጥሎ ተደርድረው ይመጣሉ። አንዱ ሕዋስ ሁለት መስመር ከሆነ የቀሩት ሁሉ በአንድ ይንሸራተታሉ፤ አሱም በሪ ከፈላና በር ጋር መሆኑ ቀርቶ አርጎብ በሪ ፈላና በር ይሆናል፣ ኤረር በር ደግሞ ወደ ሱቁጣጥ በሪ ይሄዳል። ሲታይ ምንም የተበላሸ አይመስልም፣ ያ ነው ክፋቱ። አምስት ረድፍ ነው፤ የታተመውን ወረቀት አጠገብህ አስቀምጠህ እንደገና ጻፈው። የራስጌውን ረድፍ የራስጌ ሕዋስ አድርገው እንጂ ደመቅ ያለ ጽሑፍ ብቻ አታድርገው።

ቀጥሎ መስመሩ። ወረቀቱ ላይ አንድ ዓምድ ጠባብ ስለሆነ ዲዛይነሩ ረጅም ቃል በሰረዝ ወይም በኢንተር ሰብሮ ሊሆን ይችላል። ያ ሰረዝ ድረ ገጹ ላይ መስመር መሃል ይቀርና «የሚያስ-ጎበኙ» ይሆናል። የመስመር መጨረሻዎቹን አዋህደህ ሰረዞቹን አንድ በአንድ እይ፤ በጅምላ ካጠፋህ የእውነት ሰረዝ ያለባቸውም ይሄዳሉ።

ነጥቦቹን የማጸዳው በዚህ ተራ ነው፦ መጀመሪያ የላቲኑ ድርብ ሁለት ነጥብ «::» ወደ «።»፣ ቀጥሎ «፡፡» ወደ «።»፣ ከዚያ ከ«።»፣ ከ«፣» እና ከ«፤» ፊት ያለው ክፍት ቦታ ይጥፋ። ክፍት ቦታው ከቀረ ስልክ ላይ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ነጠላውን ሁለት ነጥብ በጅምላ አትንካ፤ ሰዓትና የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ አለ።

ፋይሉን ስታስቀምጥ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ) ይሁን፣ ገጹ ራስጌ ላይም ይኸው ይጻፍ። ኖትፓድ ላይ «አንሲ» ብለህ ካስቀመጥከው እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ያኔ ፊደሉ ጠፍቷል፣ የሚመልሰው የለም።

ከዚራ_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዝርዝሩን አየሁ፤ «ግዕዝ-1» እና ከስሙ ቀጥሎ «ነምበርስ» የሚል ሌላ ፎንት አለ፣ ለላቲኑ ደግሞ ኤሪያል። ስለዚህ አሮጌው ነው። ድረ ገጹ ላይ ኒያላን ልጠቀም አስቤ ነበር፤ ይቻላል? ፎቶዎቹንም ከፒዲኤፉ ሳወጣቸው ቀለማቸው አልተስማማኝም።

ሸዋ_በር፦

ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር መጣ ማለት ሰርቨር ላይ ጭነህ ለሰው ማደል ትችላለህ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ 10 ላይ ራሱ ከተጨማሪ ፎንቶች ጋር ካልጫኑት የለም፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ መጀመሪያም አልነበረም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ተጠቀም፤ ነጻ ናቸው፣ ብዙ ውፍረትም አላቸው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል መልኩ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ርዕሱን ስታደምቀው አሳሹ በግድ ያወፍረውና የ«ሟ» እና የ«ጧ» ክፍተት ይደፈናል። ለዋናው ጽሑፍ አቢሲኒካ፣ ለርዕስ ኖቶ ብታደርግ ይስማማል። ፎንቱን ወደ ዎፍ2 (ለድረ ገጽ የተጨመቀ የፎንት ፋይል) ቀይረህ ጫን። አማርኛን አጋድሞ መጻፍ የሚባል ነገር የለንም፣ በሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የፎንት ሲንተሲስን ዝጋው፤ አለበለዚያ አሳሹ ፊደሉን በራሱ ያዘምመዋል።

የመስመር ከፍታ ለላቲን 1.4 ይበቃል፣ ለአማርኛ ግን 1.6 ወይም 1.7 አድርግ። ሁለቱን ጠርዝ እኩል ማድረግን ለስልክ እርሳው። የአማርኛ ግስ ረጅም ነው፣ አሳሹም ቃላችንን መስበር አያውቅም፤ «እንደሚያስጎበኙአቸው» አንድ መስመር ላይ ሲገባ የቀሩት ሁለት ቃላት መሃል ሰው ያሳልፋል። ግራው እኩል ቀኙ ልቅ ይሁን።

የቋንቋ ምልክት በየክፍሉ ስጥ፦ ለአማርኛ ኤ ኤም፣ ለኦሮምኛ ኦ ኤም፣ ለሐረሪው ስም ኤች ኤ አር። የማያዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ የሚያውቀው ከዚህ ነው። የግዕዝ ቁጥር ያለው ዝርዝር ካለህ ፩ ፪ ፫ን በእጅ አትጻፍ፤ ሲኤስኤስ ኢትዮፒክ-ኒዩመሪክ የሚባል የዝርዝር ዓይነት አለው።

ፎቶዎቹ ለማተሚያ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የኅትመት ቀለሞች) ተቀይረዋል። እንዳሉ ድረ ገጽ ላይ ሲወጡ ከአሳሽ አሳሽ ይለያያሉ፤ የጀጎል ግድግዳ አረንጓዴና ሮዝ በተለይ አመድ ይሆናል። በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ ወደ ኤስአርጂቢ (ወደ ስክሪን ቀለም) ለውጥ፤ ከተቻለ ግን ሳይቀየር የቀረውን የካሜራ ፎቶ ጠይቅ፣ አንዴ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲገባ የጠፋው ድምቀት አይመለስም። ወርዱ 1200 ፒክስል፣ የጄፔግ ጥራት 75 አካባቢ በቂ ነው። ካርታው ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር የተሣለ) ከሆነ ኤስቪጂ በሚባለው የቬክተር ፋይል አውጣው፤ ነገር ግን የመንገድ ስሞቹ በዚያው በአሮጌው ፎንት ስለሆኑ ሲከፈት ላቲን ሆነው ይመጣሉ። ስሞቹን በዩኒኮድ ጻፋቸው።

የፋይሉን ስም በአማርኛ አታድርገው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ አድራሻ ላይ ሲጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ሐረር ጀጎል» ከነክፍተቱ 57 ምልክት! ቴሌግራም ላይ ሲላክ አድራሻው የጉድ ነው የሚመስለው። ሌላም ነገር፣ «ሐረር» እና «ሀረር» ለአሳሹ ፍለጋ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን መርጠህ በሙሉ ገጹ አጽና፣ ሌላውን በገጹ ማብራሪያ ውስጥ አንድ ጊዜ አስገባ።

ፕሌት_ክፍል፦

ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን አልተነካም። ከድረ ገጽ ወደ ኅትመት መመለስ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

በክሮም «ፕሪንት» ብለህ የምታወጣው ፒዲኤፍ ለቢሮ እንጂ ለፕሌት (ለማተሚያው ሰሌዳ) አይሆንም። ቀለሙ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ነው፣ ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር ውጭ የሚተርፍ ቀለም) የለውም። ጥቁሩ ጽሑፍ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ከአራቱም ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ይሆናል፤ አራቱ ፕሌቶች ፀጉር ታህል ከተዛነፉ ትንሹ የአማርኛ ፊደል ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ ይተፋል። ጽሑፍ ጥቁር 100 ብቻ፣ የቀሩት ሦስቱ ዜሮ መሆን አለባቸው። ድረ ገጽ ላይ ያለ 800 ፒክስል ፎቶም በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 6.8 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ለሽፋን አይደርስም። ስለዚህ ከድረ ገጹ የምትወስደው ጽሑፉን ብቻ ይሁን፣ ፎቶውን ከዋናው ማኅደር ውሰድ።

ጥሩው መንገድ ሁለቱንም አንዱን ከአንዱ አለመቀየር ነው። ንጹሕ የዩኒኮድ ጽሑፍ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ርዕስ፣ ንዑስ ርዕስ፣ ዝርዝር፣ ሁሉም በስታይል የተለየ እንጂ በእጅ የተደመቀ አይሁን። ፓንዶክ የሚባለው የፋይል መቀየሪያ ከዚያ ፋይል በአንድ ትእዛዝ ኤችቲኤምኤል፣ በሌላ ትእዛዝ ደግሞ አይሲኤምኤል (ኢንዲዛይን የሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚቀበለው የጽሑፍ ፋይል) ያወጣል። አይሲኤምኤሉን ኢንዲዛይን ላይ ፕሌስ ካደረግከው የተያያዘ ሆኖ ይቀመጣል፣ ምንጩ ሲታረም ሊንኩን ማደስ ብቻ ነው። አንድ ደንብ አለው፦ ኢንዲዛይኑ ውስጥ ገብተህ ፊደል አትረም። ሊንኩ በታደሰ ጊዜ እርማትህ ይጠፋል። አሁን ያለብህ ችግር የመጣው እኮ እርማቱ ዲዛይኑ ላይ ብቻ ስለገባ ነው።

ዲዛይኑን ስትከፍት ኤ4ን በሦስት እኩል አትክፈለው። 297 ሲካፈል 99 ቢሆንም ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ክንፍ 97፣ የቀሩት ሁለቱ 100፣ 100 ሚሊሜትር ይሁኑ፤ አለበለዚያ ክንፉ እጥፉ ላይ ይጣበብና ይኮማተራል። በጀርባው ገጽ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ብሊድ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር፣ ማለትም ገጹ 303 በ216 ይሆናል። ኦሮምኛው በላቲን ስለሚጻፍ ከአማርኛው ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ አማርኛው ልክ የሞላበትን ሳጥን ለኦሮምኛ ስትሰጠው ከታች የቀይ መደመር ምልክት ይወጣል፣ መጨረሻው ተቆርጧል ማለት ነው። ሳጥኑን መጀመሪያ በኦሮምኛው ለካ።

ማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፍ/ኤክስ-1ኤ (ለኅትመት የወጣ የፒዲኤፍ ደንብ) ከጠየቀ ሁሉም ፎንት ተካቶ፣ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ ሆኖ፣ ግልጽነት ያለው ነገር ጠፍጥፎ ይወጣል። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ስለተካተተ «ለማንኛውም» ብለህ ወደ ኩርቭ አትቀይር። ከጠየቁህ ግን ኩርቭ ያልሆነውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጥ። ኢንዲዛይን ከሌለ ስክሪበስ ነጻ ነው፣ ፒዲኤፍ/ኤክስም ያወጣል።

ከዚራ_ልጅ፦

ለውጡን ሠራሁት፤ ዘጠና በመቶው ገባ። ኦሮምኛው አልተነካም። ሁለት ነገር ቀረ፦ «ቋ» ባለበት ሁሉ ሌላ ፊደል ይገባል፣ የግዕዝ ቁጥሮቹም ከፊደል ጋር ተምታተዋል።

ፊደል_ለቃሚ፦

ያ ሁለተኛው ፎንት ነው፣ «ነምበርስ» ያልከው። በሁለት ፋይል ከተከፈለ ፎንት ጋር የምትሠራ ከሆነ አንዱ ኮድ በአንደኛው ፋይል አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ደግሞ ሌላ ፊደል ነው፤ አንተ ሁለቱንም በአንድ ሰንጠረዥ አሳለፍካቸው። ለሁለተኛው ፎንት ለብቻው አጭር ሰንጠረዥ ሥራ። ኮዶቹን ለማግኘት ፎንቱን በፎንትፎርጅ (ነጻ የፎንት ማረሚያ ፕሮግራም) ክፈትና በየቁጥሩ ላይ ያለውን ቅርጽ እያየህ ጻፍ፤ ብሮሸሩ ውስጥ ያሉትን ብቻ ከሆነ ከሃያ አይበልጡም። ከፒዲኤፉ ተቆርጦ የወጣውን አትክፈት፤ እሱ ላይ ቁጥሮቹ እንደገና ተደርድረው ሊሆን ስለሚችል ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን ሙሉውን ፎንት ጠይቅ። ከዚያ የኤክስኤምኤሉን ውጤት ከመጀመሪያው ጀምረህ አሳልፍ፤ ቀድሞ የተለወጠው ላይ ደግመህ አትሂድ፣ የተበላሸው «ቋ» አሁን ከትክክለኛው ፊደል አይለይም።